በመቐለ ብርድ ለቱርቦ መኪና የትኛው ኦሊዮ ይሻላል?

ህዳር ከገባ ጀምሮ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ እየደረሰን ነው፦ «መኪናዬ ቱርቦ ናት፣ ጠዋት ቶሎ አትነሳም፣ ለብርዱ ቀጠን ያለ ኦሊዮ ላድርግ ወይ?» አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቀናል፣ «ሞተሯ አርጅታለች፣ ወፍራም ላድርግላት?» ይላል። ለሁለቱም መልሳችን አንድ ነው። ለቱርቦ የሚሆን ትክክለኛ ኦሊዮ ካላት ለመቐለ ብርድ ብላችሁ ምንም መቀየር የለባችሁም። ችግሩ ብዙ መኪና መጀመሪያውኑ ትክክለኛው ኦሊዮ የሌለው መሆኑ ነው።

ከብርዱ እንነሳ። መቐለ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይወርዳል። ነፋሱ ሲጨመርበት ሰው ያንዘፈዝፋል። ሞተር ግን እንደኛ ነፋስ አይሰማውም፤ የቆመ መኪና ምንም ነፋስ ቢመታው ከአየሩ ሙቀት በታች አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተራችሁ ውስጥ ያለው ዘይት 8 ወይም 10 ዲግሪ ላይ ነው ያለው።

አሁን ጀሪካኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንየው። 15ደብሊው-40 ሲል፣ ደብሊው የምትባለዋ ፊደል ክረምትን ነው የምታመለክተው፤ የነጮቹን ክረምት ማለት ነው። ከፊደሏ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። 15 የሆነው ዘይት ሞተር ሲነሳ እንዳያስቸግር የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። 5 ከሆነ ከዜሮ በታች 30፣ 0 ከሆነ ከዜሮ በታች 35። እኛ ጋ እንኳን ከዜሮ በታች 20፣ ዜሮም በስንት ጊዜ ነው። ከካናዳ ወይም ከስዊድን የመጣ ዘመድ «እኛ በብርድ 0ደብሊው-20 ነው የምንጠቀመው» ሲላችሁ ስለ ሌላ ብርድ እያወራ መሆኑን እወቁለት። ናፍጣ መኪናችሁ ጠዋት አልነሳ ካለ ኦሊዮውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ባትሪውንና የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀርለት ይናገራል። 40 ከ30 ይወፍራል፣ 50 ከ40። ለቱርቦ ወሳኙ ይሄኛው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ቱርቦው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ እንይ።

ቱርቦ በጭስ ማውጫው ጋዝ የሚሽከረከር ትንሽ ፋን ነው፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል። ዘንጉ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ኩሽኔት የለውም፣ በስስ የዘይት ንብርብር ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። በአንድ በኩል የሚቃጠል ጋዝ አለ፣ በሌላው የሚገባው አየር፣ መሃል ላይ ዘይቱ። ዘይቱ ያለሰልሳል ብቻ ሳይሆን ያቀዘቅዛልም። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። መቐለ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው ለሞተሩ ያንኑ አየር ለማድረስ ከሌላ ቦታ ይልቅ በፍጥነት መዞር አለበት። ደጋ ላይ የሚነዳ ቱርቦ እንግዲህ ብርድ ቢሆንም የበለጠ ሥራ ላይ ነው።

ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ይገባናል። ድሮ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ቱርቦ አልነበረውም፣ ዘይት ሲበላ 20ደብሊው-50 ወይም ነጠላ ቁጥር ያለውን 40 ወይም 50 ጨምረው ይነዱት ነበር፣ ይሄድ ነበር። ቱርቦ ባላቸው ሃይሉክስና አባዱላ ላይ ግን ይህ ልማድ ያስከፍላል። አንድ ጓደኛችን ፒካፑ ሰማያዊ ጭስ ስታወጣ አንድ ጋራዥ «አርጅታለች፣ ወፍራም አድርግላት» አሉት። አደረገ። ጭሱ ለጥቂት ሳምንት ቀነሰ፣ ደስ አለው። ጠዋት ጠዋት ግን ቱርቦዋ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረች፣ ጥር ላይ ዘንጉ ተበላ። ሲፈታ ዘይት ወደ ቱርቦ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ በተቃጠለ ዘይት ግማሹ ተደፍኖ ተገኘ። በጠበበ ቱቦ ላይ ወፍራም ዘይት፣ በዚያ ላይ የጠዋት ብርድ። ኦሊዮው ብቻውን ገደላት አንልም፣ ግን ረድቷል። 15ደብሊው-40 እንኳን 10 ዲግሪ ላይ ከ5ደብሊው-30 ሁለት እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ 20ደብሊው-50 ከዚያም ይብሳል።

ታዲያ ምን እንግዛ? መጀመሪያ የመኪናውን ማኑዋል እዩ፤ የብዙ መኪኖች ማኑዋል የተፈቀዱትን ቁጥሮች ከአየሩ ሙቀት ጋር በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ማኑዋሉ ከሌለና ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ለናፍጣ ቱርቦ 15ደብሊው-40 ለመቐለ በቂ ነው። አቅም ካለ ሙሉ ሲንቴቲክ 5ደብሊው-40 ይሻላል፤ ጠዋት ቶሎ ቱርቦ ጋ ይደርሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ 40 ነው። 5ደብሊው-30ን ፋብሪካው ካዘዘ አድርጉ፣ ለብርድ ተብሎ ግን አይመረጥም። በተለይ የእኛ ሹፌሮች መንገድ ሁለት ዓለም ነው። ጠዋት በብርድ ከመቐለ ተነስቶ በአጉላዕ አድርጎ፣ በበራህሌ ቁልቁል ወርዶ ሃመድ ኤላ ሲደርስ ከባህር ወለል በታች ነው፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ሲመለስ ያንን ሁሉ ዳገት ጭነት ይዞ ይወጣል። በደቡብ በኩልም አምባ አላጀን ወጥቶ ማይጨው የሚወርድ ከባድ መኪና እንዲሁ ነው። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ኦሊዮ የሚመረጠው በዳገቱና በሙቀቱ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰበው።

ከውፍረቱ በላይ የምንለው ግን ደረጃው ነው። ጀሪካኑ ጀርባ ላይ ኤፒአይ የሚል ምልክት ፈልጉ። ለናፍጣ ቱርቦ ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ሲኬ-4 ይሁን። ሲኤፍ ብቻ የሚል ከሆነ ለድሮ ሞተር የተሠራ ነው፣ ተዉት። የኩባንያ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ሪሙላ አር2 እና ሪሙላ አር4 ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ ዘይት አይደሉም። አዳዲሶቹ ትንንሽ የቤንዚን ቱርቦ መኪኖች ደግሞ ኤስፒ የሚል ይፈልጋሉ። ይህ ደረጃ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ሲሆን፣ እነዚህ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ጭነት ሲበዛባቸው ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን እንዳይሰብር ታስቦ ነው። የናፍጣ ጀሪካን ዘይት እዚያ ውስጥ አትጨምሩ።

ጀሪካኑ ሲከፈት ቆማችሁ እዩ። ማሸጊያው ቀለበት የተነካካ ከሆነ አትቀበሉ። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ቀዳችሁ ጣሉት ወይም ቤት ውሰዱት፤ ካልሆነ ነገ የሌላ ዘይት መሙያ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፣ ቆመው ስለከረሙ መኪኖች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ነዳጅ ጠፍቶ ብዙ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላም ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ሳምንታትና ወራት የሚቆሙ አሉ። «አልሄደችም እኮ፣ ኦሊዮዋ አዲስ ነው» አይሠራም። ዘይት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይበላሻል፣ እርጥበት ይይዛል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀየር፤ የምትነዳ ከሆነ ደግሞ በዚህ አቧራ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ። ለወራት የቆመችን መኪና ስታስነሱም መካኒኩ ነዳጁን ዘግቶ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ያዙራት፣ ከዚያ ትነሳ። ካልሆነ ቱርቦው የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ደረቁን ነው የሚዞረው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ በእጅ ያለችውን ሞተር መተካት ቀላል አይደለም፣ የቱርቦ ዋጋም የምታውቁት ነው።

ጠዋት ሞተር አስነስቶ ወዲያው ነዳጅ እየሰጡ «ማሞቅ» የሚባለውን ልማድ ተዉት። ግማሽ ደቂቃ በራሷ ዙር ትቁም፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ የሙቀት መለኪያው ቦታውን እስኪይዝ አትጫኗት። ዳገት ወጥታችሁ ለቡና ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ትዙር፣ ምክንያቱም ስታጠፉ የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፣ የጋለው ቱርቦ ደግሞ ውስጡ የቀረውን ዘይት ጠብሶ ከሰል ያደርገዋል። የጓደኛችንን ቱቦ የደፈነው ይኸው ነው።