በበይነ መረብ ትምህርት የተማሪዎችን ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት ማዳበር

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2020 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚገኙ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከቤታቸው ሆነው መከታተል ጀመሩ። በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ታቅዶ የነበረው የርቀት ትምህርት እስከ ትምህርት ዘመኑ ፍጻሜ ተራዘመ። በዚያው ወቅት በዓለም ዙሪያ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ርቀው እንደነበር ዩኔስኮ አስታውቋል። ሒሳብንና ሳይንስን በስክሪን ማስተማር እንደሚቻል በአጭር ጊዜ ውስጥ ታየ። ተራን መጠበቅ፣ የጓደኛን ኀዘን ከፊቱ ማንበብ፣ ተጣልቶ መታረቅ በምን መንገድ ይማሩ ይሆን የሚለው ጥያቄ ግን መምህራንንና ወላጆችን እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ክህሎቶቹ ምንድን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተመሠረተውና ካስል በሚለው ምህጻረ ስሙ የሚታወቀው ተቋም ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎቶችን በአምስት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌሎችን ስሜትና ሁኔታ መረዳት፣ መልካም ግንኙነት መመሥረት እንዲሁም ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መስጠት ናቸው። ከፈተና በፊት ሆዱ የሚረበሽ ልጅ «ፈርቻለሁ» ብሎ ስሜቱን በስሙ መጥራት ሲችል ራሱን ማወቅ ጀምሯል፤ ፍርሃቱን አረጋግቶ ወደ ጥያቄው ሲመለስ ደግሞ ራሱን መግዛትን ተምሯል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የሥነ ምግባር ትምህርት መርሐ ግብርም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ዓላማ አለው። መርሐ ግብሩ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ እነርሱም ጠባይና ሥነ ምግባር፣ ግለሰብና ማኅበረሰብ፣ የዜግነት ትምህርት እና የባህል ትምህርት ናቸው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን የመረመረ ሰፊ ጥናት ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን አካቷል። በእነዚህ ፕሮግራሞች የተሳተፉ ተማሪዎች ጠባያቸው ከመሻሻሉም በላይ በቀለም ትምህርታቸው የ11 ፐርሰንታይል ብልጫ አሳይተዋል። ይህም ማለት ከ100 ተማሪዎች መካከል ከታች ሲቆጠር በ50ኛው ደረጃ ላይ የነበረ ተማሪ ወደ 61ኛው ከፍ ይላል እንደ ማለት ነው።

ጥናቱ ፍሬያማ የሆኑ ፕሮግራሞችን የሚለዩ አራት መስፈርቶችንም አመልክቷል። ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ፣ ተማሪውን በተግባር የሚያሳትፍ፣ በቂ ጊዜ የተመደበለት እና የትኛውን ክህሎት እንደሚያስተምር በግልጽ የሚታወቅ መሆን አለበት። የተመረመሩት ፕሮግራሞች ፊት ለፊት ለሚሰጥ ትምህርት የተዘጋጁ ስለነበሩ ውጤቱ እንዳለ ወደ በይነ መረብ ይተላለፋል ማለት አይቻልም። መስፈርቶቹ ግን ማንኛውንም የበይነ መረብ ትምህርት ለመመዘን ያገለግላሉ።

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአሥር ከተሞች ባካሄደው ጥናት ደግሞ የ15 ዓመት ተማሪዎች በአብዛኞቹ ክህሎቶች ከ10 ዓመት ተማሪዎች ዝቅ ያለ ውጤት አሳይተዋል። እንግዲህ «ልጁ አድጓል፣ ራሱን ይችላል» ተብሎ የሚተውበት ዕድሜ ይበልጥ ክትትል የሚሻ ሊሆን ይችላል።

በስክሪን ፊት የሚጎድለውና የሚሟላበት መንገድ

በመደበኛው ክፍል ብዙ ማኅበራዊ ትምህርት ሳይታቀድ ይገኛል፤ በዕረፍት ሰዓት፣ በጨዋታ ሜዳ፣ በአውቶቡስ ውስጥ። በበይነ መረብ ላይ እነዚህ አጋጣሚዎች የሉም። መምህሩ ተናግሮ ተማሪው አድምጦ ከተለያዩ የቀለም ትምህርቱ ቢተላለፍም የሰው ለሰው ልምምዱ ይቀራል። ስለዚህ ቀድሞ በራሱ ይገኝ የነበረው አሁን በዕቅድ መዘጋጀት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ዘዴ ትምህርቱን በስሜት ጥያቄ መክፈት ነው። ተማሪዎች ዛሬ እንዴት እንደዋሉ በአንድ ቃል ወይም በሥዕል ምልክት እንዲገልጹ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍር ተማሪ ለመምህሩ ብቻ በጽሑፍ እንዲልክ መፍቀድም ይገባል።

ሁለተኛው ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድኖች ከፍሎ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ማድረግ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ባዘጋጁት ዘዴ እያንዳንዱ ተማሪ የትምህርቱን አንድ ክፍል ብቻ አጥንቶ ለጓደኞቹ ያስረዳል፤ የአንዱ ድርሻ ከጎደለ የማንም ትምህርት አይሟላም። ዘዴው የተፈጠረው በተለያየ ዘር ተማሪዎች መካከል የነበረውን ውጥረት ለማርገብ ሲሆን፣ ዛሬ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ በሚከፈቱ ንዑስ ክፍሎች ሊሠራበት ይችላል።

ሦስተኛው እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ የሚያውቅና መቅረቱን የሚጠይቅ አንድ አዋቂ መመደብ ነው። ካሜራውን ዘወትር የሚዘጋ ተማሪ ሰነፍ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ምክንያቱን በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍሉ ጠባብ፣ ቤቱ ጫጫታ የበዛበት ወይም ስልኩ የወንድምና የእህት የጋራ ሊሆን ይችላል።

ወላጅ በሩቅ አገር ሲሆን

ይህ ጉዳይ ልጆቻቸውን በአገር ቤት ትተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወላጆችንም ይመለከታል። እነርሱም እንደ በይነ መረብ መምህሩ ልጃቸውን የሚያገኙት በስክሪን ነው። የስልኩ ጊዜ «ስንተኛ ወጣህ? ገንዘቡ ደረሰ?» በሚሉ ጥያቄዎች ብቻ ካለቀ ልጁ ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ ልቡ መናገርን አይለምድም። «ዛሬ ምን አስቸገረህ? ከማን ጋር ተጫወትህ?» የሚል ጥያቄ ግን በር ይከፍታል።

ሰዓቱ አጭር ቢሆንም የታወቀና የማይዛባ መሆኑ ለልጁ መተማመኛ ይሆነዋል። የሥራ ሰዓት ሲቀየር ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ልጁ ተረሳሁ ብሎ እንዳያዝን አስቀድሞ መንገር፣ ካልተቻለም የድምፅ መልእክት መተው ይጠቅማል። ልጁ አብሮት ከሚኖረው አሳዳጊና ከመምህሩ ጋር መነጋገርም ክትትሉን ያሟላል። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ይወደው የነበረውን ከተወ አሳዳጊው በአካል ቀርቦ እንዲያየውና የባለሙያ እርዳታ እንዲፈልግለት ማድረግ ይገባል።

ቴክኖሎጂ ድምፅንና ምስልን ከሩቅ ያደርሳል። ክህሎቱ ግን የሚያድገው በዚያ መስመር ላይ የሚጠይቅና ታግሶ የሚያዳምጥ ሰው ሲኖር ነው።