ፀሐይ የሚያገኘው ጎንና ጥላ ያለበት ጎን፦ ዪን፣ ያንግ እና የእኛ አራቱ ባሕርያት

በዚህ እትም ከሩቅ ምሥራቅ ስለመጣ አንድ አሳብ ታሪክ ላወራችሁ ነው። ተማሪዎች ምልክቱን በፊልምና በቲሸርት ላይ ያውቁታል፤ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ክብ ነው፣ በጥቁሩ ውስጥ ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለ። "ነጩ ጥሩ ነገር ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ክፉ" የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ነገሩን አጥርቶ ማወቅ የሚጠቅመው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ እንደኛ ጠብቆ ለሚኖር ሰውም የሚሆን ቁም ነገር አለበት።

ከኮረብታ የተነሣ ቃል

"ዪን" እና "ያንግ" የቻይና ቃላት ናቸው። በጥንቱ ትርጉማቸው ዪን ማለት የኮረብታ ጥላ ያለበት ጎን ሲሆን ያንግ ማለት ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ኮረብታው አንድ ነው። ሁለት ጎን አለው እንጂ ሁለት ኮረብታ የለም። ከዚህ ተነሥተው ቻይናውያን ቅዝቃዜን፣ ሌሊትን፣ ዕረፍትን፣ ውኃን ዪን፤ ሙቀትን፣ ቀንን፣ ሥራን፣ እሳትን ያንግ አሉ።

በቻይና ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የኮረብታው ደቡባዊ ጎን ያንግ ነው፣ ያለቀለት ነገር ነው። ካምፓላ ግን ኮረብታዋ ብዙ ቢሆንም ከምድር ወገብ አጠገብ ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የቀረውን የዓመቱን ግማሽ በደቡብ በኩል። ስለዚህ እዚህ ጥላና ፀሐይ በየስድስት ወሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቀኑና ሌሊቱም ዓመቱን በሙሉ እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ለዚህም ነው ኡጋንዳውያን በሉጋንዳ ሰዓት ሲቆጥሩ ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው አሥራ ሁለት፣ ከምሽት ጀምረው አሥራ ሁለት የሚሉት። መምህራን ዪንና ያንግን ለማስተማር ሥዕል ካጣችሁ መስኮቱን መክፈት ይበቃል።

መንገዱ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ዞው ያን የተባለ ሊቅ ዪንና ያንግን የተፈጥሮና የታሪክ ሕግ አድርጎ አስተማረ። ከእርሱም በፊት ላኦ ዙ በሚባል ጠቢብ ስም የሚጠራው "ዳኦ ዴ ጂንግ" የተባለ ትንሽ መጽሐፍ ነበረ። "ዳኦ" ማለት መንገድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጉኦዲያን በተባለ ቦታ ከአንድ መቃብር ውስጥ በቀርከሃ ላይ የተጻፉ የዚህ መጽሐፍ ክፍሎች ተገኝተዋል፤ መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ ነው ተብሎ ይገመታል። ዳኦይዝም በተደራጀ የሃይማኖት ማኅበር መልክ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ142 ጃንግ ዳኦሊንግ በሲቹዋን የሰማያዊ መምህራንን መንገድ ሲመሠርት ነው።

የዳኦ መነኮሳት ትምህርት በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ አንዱ ካለሌላው አይኖሩም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ዘር በሆዱ ይይዛል፤ ነጥቦቹ ይህንን ያመለክታሉ። ሦስተኛ፣ አንዱ ከልክ ሲያልፍ ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ እኩለ ቀን ከደረሰ በኋላ ምሽት መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የመንፈሳዊ ሰው ሥራ አንዱን ገድሎ ሌላውን ማንገሥ ሳይሆን ሁለቱን ማስማማት ነው። በጸጥታ ይቀመጣሉ፣ ትንፋሻቸውን ይቆጣጠራሉ፣ ምግባቸውን ይመጥናሉ።

በኋላ ዘመን የመጡት ደግሞ ይህንን በሰው ገላ ውስጥ ፈለጉት። ልብ እሳት ነው፣ ኩላሊት ውኃ ነው አሉ። እሳት በጠባዩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱ እንዲህ ሲለያዩ ሰውየው ይደክማል። ስለዚህ እሳቱን ከታች፣ ውኃውን ከላይ ማድረግ ያስፈልጋል ይላሉ። ይሄ ለእኛ ምን ይከብዳል? ጀበና ማለት እኮ ይኸው ነው። ከሰሉ ከላይ፣ ውኃው ከታች ቢሆን ቡና አይፈላም። "ዪ ጂንግ" በተባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ውስጥ ካሉት 64 ምልክቶች ውኃ ከእሳት በላይ የሆነበት "ተፈጸመ" ይባላል፤ እሳት ከውኃ በላይ የሆነበት "ገና አልተፈጸመም" ይባላል።

ይህ ምልክት ለኢትዮጵያውያን ፍጹም እንግዳ አይደለም። የደቡብ ኮሪያ ሰንደቅ ዓላማ መካከል ያለው ቀይና ሰማያዊ ክብ ዪንና ያንግ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ጥቁር መሥመሮችም ሰማይን፣ ምድርን፣ ውኃንና እሳትን ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚህ ሰንደቅ ዓላማ አጠገብ ተዋግተዋል።

በእኛስ ቤት?

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይባላል። ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት የሥጋ ናቸው፤ ለባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት የነፍስ ናቸው፤ ይኸውም ማሰብ፣ መናገርና መኖር ማለት ነው። ስለ ፍጥረት ከሚናገሩት መጻሕፍት አንዱ "አክሲማሮስ" ሲሆን ስሙ የስድስት ቀን ሥራ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

አራቱ ባሕርያት ጠበኞች ናቸው። እሳት ሙቅና ደረቅ ነው፤ ውኃ ቀዝቃዛና ርጥብ ነው። ታዲያ በአንድ ገላ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? ነፋስ ሙቅና ርጥብ ስለሆነ በሙቀቱ ከእሳት፣ በርጥበቱ ከውኃ ይዛመዳል። መሬት ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ በድርቀቱ ከእሳት፣ በቅዝቃዜው ከውኃ ይዛመዳል። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌ ሆነው ሁለቱን ያስታርቃሉ ማለት ነው። ከቻይናው ትምህርት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በዳኦ ትምህርት ሁለቱ በራሳቸው ይዞራሉ፤ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ግን አስማምቶ የሚያኖራቸው ፈጣሪ ነው።

የዚህ ትምህርት ሥር ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በሲሲሊ የነበረው ኤምፔዶክለስ አራቱን ሥሮች፣ የሚያገናኛቸውን ፍቅርና የሚለያያቸውን ጠብ አስተማረ። አርስቶትል (384–322 ከክ.ል.በ.) ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ድርቀትና ርጥበት ብሎ አደራጀው። የቂሣርያው ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ይህንን ዕውቀት ተጠቀመበት። ሙስሊም ተማሪዎቻችንም ይወቁ፣ ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና (980–1037) ሕክምናውን የመሠረተው በእነዚሁ በአራቱ ላይ ነው። አሳብ ያለ ፓስፖርት ድንበር ያቋርጣል።

ጨለማም ቢሆን በዚሁ ትምህርት በዕለተ እሑድ ከተፈጠሩት ስምንት ፍጥረታት አንዱ ነው። ፍጥረት እንጂ ክፋት አይደለም። በንግግራችንም "ደሜ ፈላ"፣ "አንጀቴ ራሰ"፣ "ቀዝቃዛ ሰው" እንላለን። በኑሮም እንዲሁ ነው፤ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት በኋላ 50 ቀን በሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾሙ ያለ ፍስክ፣ ፍስኩም ያለ ጾም አልተሠራም።

ሚዛን በጉልበተኛ እጅ

መምህራን ይህንንም ሳንደብቅ ማስተማር አለብን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ዶንግ ጆንግሹ የተባለ የቤተ መንግሥት ሊቅ ያንግ የከበረ፣ ዪን የተናቀ ነው ብሎ ጻፈ። ንጉሥ ያንግ፣ ሹም ዪን፤ ባል ያንግ፣ ሚስት ዪን አለ። በዚህም እኩል ይመስል የነበረው ነገር መሰላል ሆነ፤ ሴቶችም ለብዙ መቶ ዓመታት ከታች ተቀመጡ። ስለዚህ አንድ ሰው "ሚዛን ነው፣ ታገሡ" ሲለን ሚዛኑን ማን እንደያዘው መጠየቅ ተገቢ ነው። ሴት ተማሪ ከክፍል ቀርታ ውኃ እንድትቀዳ፣ ወንድሟ እንዲማር የሚያደርግ ቤት ሚዛን አለኝ ሊል አይችልም።

ለእኛ ምን ይላል?

በስደት ኑሮ ሁለት ነገሮች ይጣሉብናል። አንዱ ተስፋ ነው፤ ፕሮሰሱ ያልቃል፣ እንሄዳለን ወይም አገራችን እንገባለን የሚለው። ሌላው የዛሬ ኑሮ ነው፤ ኪራዩ፣ ትምህርቱ፣ ቋንቋው። ተስፋው ብቻ ሲነድ "ልሄድ ስለሆነ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ደብተሩን የሚጥል ተማሪ ይበዛል። ዓመታት ያልፋሉ፣ እሱ አልሄደም፣ አልተማረምም። በሌላ በኩል ተስፋው የጠፋበት ሰው እንደ ቀዘቀዘ ምድጃ ይሆናል፤ እየተነፈሰ ተቀምጧል ማለት ይቻላል፣ ግን አይኖርም።

ሁለቱም ትምህርቶች አንዱን ግደል አይሉንም። እሳቱ ከታች ይሁን፣ ማለትም ተስፋችን የዛሬውን ሥራ ያሙቅ እንጂ አያቃጥለው ነው የሚሉን። ሽማግሌም ያስፈልጋል። እሳትና ውኃን ነፋስና መሬት እንዳስታረቁ፣ ተስፋንና የዛሬን ኑሮ የሚያስታርቀው ለሁለቱም የሚሆን ነገር ነው። እዚህ የተማርከው እንግሊዝኛ እዚህም ያበላሃል፣ እዚያም ይከተልሃል። ሂሳብም፣ ልብስ ስፌትም፣ ኮምፒውተርም እንደዚሁ ናቸው። ትምህርትን የምንጠብቀው ለዚህ ነው።

ለክፍል ውይይት፦
1. በመኖሪያችሁ አካባቢ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበትን ጎን ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ምን ተለወጠ?
2. በአያቶቻችሁ ቋንቋ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ስለ ሰው ጠባይ የሚባሉ አነጋገሮችን ጠይቃችሁ ሰብስቡ።
3. "ሚዛን" የሚለው ቃል አንዱን ወገን ለመጫን የዋለበትን ሌላ ምሳሌ ከታሪክ ፈልጉ።

ቸር ይግጠመን።