ማን ለማን ያሳልፋል? የመንገድ ላይ ግምት ታሪክ በጎጃም ደጋ



የዛሬው ንግግሬ ሾፌር የሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ ቀጣይ እርምጃ እንዴት እንደሚገምት ይመለከታል። ጉዳዩ ለሥነ ልቦናና ለምህንድስና የተተወ ይመስላል፤ እኔ ግን የታሪክ ጥያቄም ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሾፌር ቀጥሎ የሚሆነውን የሚገምተው ከዚህ በፊት ሲሆን ካየው ተነሥቶ ነውና።

በእንግሊዝና በማሌዥያ ሾፌሮች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ይጠቅመናል። ተሳታፊዎቹ በሁለቱም አገሮች መንገዶች የተቀረጹ ፊልሞችን ተመለከቱ። የማሌዥያ ሾፌሮች አደጋ ሊያስከትል የሚችለውን ነገር በዓይናቸው ለማግኘት አልዘገዩም፤ የዘገዩት «ይህ አደገኛ ነው» ብለው ምላሽ በመስጠቱ ነው። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ከልማድ ጋር አያይዘውታል፤ አስጊ ሁኔታን ዘወትር የሚያይ ሰው ለማስጊያነቱ ያለው ስሜት ይደነዝዛል። ልዩነቱ እንግዲህ በዓይን ሳይሆን በፍርድ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የተሽከርካሪ ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ከመኪናው ጋር ቃላቱም መጡ፤ ፍሬቻ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። እነዚህ ቃላት የማሽኑን ክፍሎች ይሰይማሉ። ሰው ከሰው ጋር በመንገድ ላይ የሚግባባበት ሥርዓት ግን ከመኪናው በፊት የነበረ ነው።

በቀድሞው የደጋ መንገድ ላይ ቅድሚያን የሚወስኑት ዕድሜ፣ ማዕረግና ሸክም ነበሩ። ባለ በቅሎ ታላቁን ሲያገኝ ከበቅሎው መውረዱ የአክብሮት ምልክት ነበር። ይህ ሁሉ የሚሠራው መንገደኞች ፊት ለፊት ለመተያየትና ለመነጋገር ጊዜ ስለነበራቸው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ግን በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለሰላምታም ለመተያየትም ፋታ አይሰጥም።

ከደጀን በየትኖራና በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው በገበያ ቀን ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ አስፋልት ላይ ያገኛቸዋል። ሾፌሩ ክላክስ ሲያሰማ «ጥግ ያዙ» ማለቱ ነው፤ አህያ የሚነዳው ገበሬ ግን «አይቶኛል፤ ይጠብቀኛል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የሚደርሰው ሁለቱ ግምቶች ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሾፌር አንድ በግ ከተሻገረ የቀሩት እንደሚከተሉ፣ ከብት ባለበትም እረኛ እንደማይጠፋ፣ እረኛውም ብዙ ጊዜ ሕፃን እንደሆነ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በፍሬን ላይ ያለውን እግር ቀድሞ ያዘጋጃል።

ስዊድን ከእኛ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከግራ ወደ ቀኝ ስትዛወር የመንገድ አደጋ ለጊዜው ቀንሶ ነበር፤ ሰዎች ሲለምዱት ግን ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመለሰ። ሁሉም የሌላውን እርምጃ ሲጠራጠር ተጠንቅቆ ነበር ማለት ነው። ከአለማወቅ ይልቅ የሚያሰጋው፣ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር እየጠበቁ ሁለቱም እርግጠኛ ሲሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። እግረኛውን «ሥልጡን አይደለም» ብሎ መውቀስ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ከምልክቶች ጥናት አልፎ በራሳችን መንገዶች የተቀረጹ ፊልሞችን እያሳየ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ፤ እንግሊዝ አገር ሾፌርን በተመሳሳይ መንገድ መፈተን ከጀመረች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሁለተኛ፣ የታሪክ ተማሪዎቻችን የ1956ቱን ለውጥ በመሪ ላይ ሆነው ያሳለፉትን አረጋውያን ሾፌሮች፣ በመንገዱ ዳር የኖሩትንም ገበሬዎች ዛሬውኑ ይጠይቁ። እነዚያ ሾፌሮች ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው፤ የሚነግሩን ነገር ሌላ መዝገብ የለውም።