ቀንድና ብር

የመጠጥ ዕቃ ጥምን ለመቁረጥ ብቻ የሚሠራ መገልገያ ሆኖ አያውቅም፤ የጠጪውን ማዕረግ የሚናገር ምልክትም ነው። በጥንታዊት ግሪክ ባለጸጋው በእንስሳ ራስ ባጌጠ የብር ቀንድ ወይን ሲጠጣ፣ ተራው ሰው በሸክላ ይጠጣ ነበር። የአቴና ብር የተገኘበትን የላውሪዮንን ማዕድን የቆፈሩት ደግሞ በአብዛኛው ባሪያዎች ነበሩ።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ራስ ጉግሣ በቆረቆሯት፣ የየጁ መሳፍንትና ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ በተቀመጡባት በደብረ ታቦር፣ ገበሬው ጠላውን በሽክና ሲጠጣ የመኳንንቱ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳ ነበር። የግሪክ አንጥረኛ ብሩን በቀንድ አምሳል ሲቀርጽ፣ የእኛው ባለሙያ እውነተኛውን ቀንድ በሙቀት አለስልሶ፣ ውስጡን ፍቆ፣ መቀመጫ ገጥሞለት በብር ያስጌጠው ነበር። ብሩም በአብዛኛው ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ይቀልጥ ስለነበር፣ አንድን ዋንጫ በብር መለበጥ ማለት ገበያ የሚያንቀሳቅሰውን ገንዘብ ከገበያ አውጥቶ በአንድ ጌታ ማዕድ ላይ ማሠር ማለት ነበር።

ዋንጫው ሲከበር የሠራው እጅ ግን ተናቀ። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ተገለሉ፤ ከባለእጆቹ ብዙዎቹ፣ በተለይም ቤተ እስራኤላውያን፣ የርስት መብት ተነፈጉ። ዜና መዋዕሎቻችንም ግብር ያበላውን እንጂ ብሩን የቀጠቀጠውን ከስንት አንዴ ቢያነሡ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያሠሩ እንኳ፣ ከአውሮፓውያኑ ጎን የደከሙት የአገር ልጆች ስም አልባ ሆነው ቀርተዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ ንዋያተ ቅድሳት ከየደብሩ ወጡ። የሰበሰቡት ሀብት መቅደላ ተከማቸ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አጋዘው። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለቍስቋም የሰጡትን የወርቅ ጽዋ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከአንድ ዘውድ ጋር ከወታደር እጅ የገዛው በ4 ፓውንድ ነበር። ጽዋውን በለንደን የያዘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. ለእይታ ሲያቀርበው፣ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ስለመስጠት እንጂ ስለመመለስ አልተናገረም። የራስን ንብረት መዋስ!

በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡት የመቅደላ ቅርሶች መካከል ግን በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች ይገኙባቸዋል። እነዚህ ዋንጫዎች ከዘውዱና ከጋሻው ባላነሰ ሊጎበኙ ይገባቸዋል። መምህሩ ለተማሪው፣ ሠዓሊውም ለተመልካቹ ስለ ዋንጫው ሲያስረዳ፣ «ማን ጠጣበት?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቅ። ቅርሱ ለባለቤቱ በሙሉ ተመለሰ የሚባለው የተናቀውም እጅ ክብሩ ሲመለስለት ነውና።