ላዳን ማን ሞዲፋይ አደረጋት?

እስቲ አንድ ጥያቄ። የአባቱን የቤት መኪና ጋራዥ አስገብቶ፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አስወጥቶ በታምቡር ያስቀየረ ልጅ ብታዩ ምን ትሉታላችሁ? «ነካ ያደርገዋል» ነዋ! እኛ የምናውቀው ሞዲፋይ ተቃራኒው ነው። ታምቡሩ ወጥቶ ዲስክ ይገባል፣ ሞላው ይቆረጣል፣ መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ከዚያ የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዷን ትፈቀፍቃለች።

ይህን «እብደት» የሠሩት ግን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው መሐንዲሶች ናቸው። ውጤቱንም ታውቁታላችሁ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን በኮንትራት ስንት ዓመት ያመላለሰችው ላዳ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊያት 124 በ1966 ወጣች። ቀለል ያለች፣ ውስጧ ሰፊ፣ አራቱም ጎማዋ ዲስክ ፍሬን። ለዚያ ዘመን የቤተሰብ መኪና ይህ ቅንጦት ነበር። ለ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ሶቪየቶች ደግሞ እዚያው 1966 ላይ ከፊያት ጋር ተፈራርመው ቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ መትከል ጀመሩ። ከተማዋ ቶግሊያቲ ትባላለች፣ በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ ስም። (ለፊያት ውለታ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ የወጣላት ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው።)

ከዚያ ጣሊያናዊቷ ለሙከራ ሶቪየት መንገድ ላይ ወጣች። ጉዷ ፈላ! ጭቃውና ጠጠሩ የኋላውን ፍሬን ቶሎ ቶሎ ይበላዋል፤ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ስትንገጫገጭ ቦዲዋ ይሰነጠቃል። ቱሪን አስፋልት ላይ የምትንሸራተተው ወይዘሮ ገጠር ገብታ ጫማዋ ተሰበረ በሉት።

እናም ዲስኩ ወጥቶ የአሉሚኒየም ታምቡር ገባ። ታምቡር የተዘጋ ስለሆነ ጭቃ በቀላሉ አይደርስበትም። ቦዲው ተጠናከረ፣ ከመሬት ከፍ እንድትል ተደረገ፣ የእግር ሥራው እንደገና ተነደፈ። ባትሪ በብርድ ሲሞት ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሳ ብረት ተጨመረላት። መጎተቻ ቀለበትም አልተረሳም።

ሁሉም ወደ ኋላ መመለስ ነው እንዳትሉ ደግሞ ሞተሩን እዩ። የፊያቷ ካምሻፍት ታች ሞተሩ ጎን ነበር፤ ሶቪየቶቹ «ይህ ያረጀ ነው» ብለው ላይ፣ ቴስታታው ላይ እንዲቀመጥ አስደረጉ። ባጠቃላይ ከ800 በላይ ለውጥ ተደርጎባታል። ስለዚህ «ላዳ የፊያት ኮፒ ናት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ አሳዩት። በርግጥ በነፃ አልመጣም፤ ክብደቷ ከጣሊያናዊቷ በለጠ።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በሚያዝያ 1970 ወጡ። አገር ቤት ዚጉሊ፣ ውጭ ስትላክ ላዳ። እኛ ጋ በደርግ ዘመን ስትመጣ ያገኘችው መንገድ ለየትኛዋ እንደሚመች መገመት አያቅትም። የጣሊያኗ ብትመጣ ኖሮ ስንት ጊዜ ብየዳ ቤት ታድር ነበር?

የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚወዱት ጨዋታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1972 ባለ 1.5 ሊትሯ 2103፣ በ1976 ባለ 1.6ቷ 2106 ተከተሉ፤ አሠራራቸው ግን መሠረቱ አንድ ነው። የአንዷ ብዙ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል። ባለ 1.2ቷን አሮጌ ላዳ ጉልበት ልስጣት ያለ መካኒክ የ2106ን ሞተር ብዙ ሳይቆርጥና ሳይበይድ ይገጥምላታል። ፋብሪካው ራሱ የሚያደርገው ከዚያ ብዙም የተለየ አልነበረም፤ ፊት ለፊቷን እየቀያየረ፣ መብራቷን ከክብ ወደ አራት ማዕዘን እያዞረ አሮጊቷን ያስውባታል።

ፊያት የራሱን 124 በ1974 አቆመ። ባለ ታምቡሯ ዘመዷ 2107 ግን ከመስመር የወረደችው በ2012 ነው።