ስለ መርዝ ጋዝ የሐኪሞች ምስክርነትና የዘረት ዋሻ ነገር

በመርዝ ተጎዳሁ የሚል ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ሁለት ነገር ማስረዳት ይኖርበታል፤ መጎዳቱንና ጉዳቱም ከዚያ መርዝ የመጣ መሆኑን። የመጀመሪያውን ቁስሉ ያሳይለታል፤ ሁለተኛውን ግን ከሐኪም በቀር በሚገባ የሚያስረዳለት አይገኝም። ይህ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ ገንኖ የታየው በፍርድ ቤት ሳይሆን በዠኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሆነ እኛም ከዚያ እንጀምራለን።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰሜን ጦር ግንባር ይፔሪት ሲጥሉ የቀይ መስቀል ሐኪሞች የተቃጠለውንና ውኃ የቋጠረውን የወታደርና የገበሬ ገላ በዓይናቸው አይተዋል። ከነርሱም እንግሊዛዊው ዶክተር ሜሊና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ዡኖ ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ማስረጃ ስጡን ብሎ ቢጠይቅ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገለልተኛ ነኝ ሲል ሳይሰጥ ቀረ። ዡኖም ያየውን በመጽሐፍ ያወጣው ከዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ገለልተኝነት ቁስለኛን ለማከም እንደሚረዳ አንክድም፤ ነገር ግን ያየ ሐኪም ዝም ሲል ዝምታው ለማን እንዳደላ መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። ከሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. ጀምሮ በመንዝ፣ በዘረት ዋሻ የአበበ አረጋይ (በኋላ ራስ) ወገኖች ከሴቶች፣ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋራ ተከበቡ። ከግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የመጣ የኬሚካል ጓድ ይፔሪት በዋሻው አፍ አፈነዳባቸው፤ እጃቸውን የሰጡት ወንዶችም ተረሸኑ። በዚያ ቁስሉን መርምሮ የሚጽፍ ሐኪም አልነበረም።

ታዲያ በምን ተረጋገጠ? ኢጣልያዊው ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሠራዊቱን ወረቀት ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ዋሻውን አገኘ ተባለ (አገሬው ግን አልጠፋበትም፤ አመፀኛ ዋሻ ይለዋል)። በውስጡም ያልተቀበረ አጥንት ነበረ። ከዚያም የዚያው የኬሚካል ጓድ ባልደረባ የነበረው የሻምበል ባሻ ቦአልዮ ማስታወሻ ታተመ። የሐኪሙን ቦታ የያዘው እንግዲህ የአድራጊው ብዕር ነው።

የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም. ለጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው 10 ሰዎች መካከል ባዶሊዮና ግራዚያኒ ነበሩበት፤ በኢትዮጵያ ስለ ሠሩት ግን አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም።