የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ አዋጅ፣ ጓሳና የመንዝ ገበሬ

«ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» ይላሉ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን። ይሁን። አለማወቅ ካላዳነስ አለማሳወቅ ለምን ያድናል? ለመሆኑ ሕግ ወጣ የሚባለው በወረቀት ታትሞ ሲሰራጭ ነው ወይስ የሚተዳደርበት ሰው ሰምቶ ሲረዳው? ይህን ጥያቄ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ታሪክ እንፈትነዋለን። ቦታውን የመረጥንበት ምክንያት አለ፤ በአንድ አገር ላይ ሕግ በጆሮም በወረቀትም የመጣበትን ዘመን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ይመቻል።

መጀመሪያ አገሩን እንመልከት። መንዝን በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርደው የተራራ ሰንሰለት ያጥሩታል። መርሐቤቴ ከጀማ ገደል በላይ የተቀመጠ ሌላ አምባ ነው። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ከአምባ ወደ አምባ መሻገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ወሬ የሚሄደው በሰው እግር ነው፤ የሚገናኘውም ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት።

የድሮው አዋጅ ይህን ያውቅ ነበር። ነጋሪት በገበያ ቀን ይጎሰማል፤ ነጋሪው «ስማ! ስማ!» ብሎ ይጀምራል፤ የማይሰማውን የእግዚአብሔርና የማርያም ጠላት ነው ይለዋል። ከሁሉ በላይ ግን «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የምትለዋ ቃል ትበልጥብናለች። በዚች አንድ ቃል ገበያተኛው ሁሉ መልእክተኛ ይሆናል። አዋጁም አጭር ነበር፤ ሰው በቃሉ ይዞ ቤቱ የሚያደርሰው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ክተት ሲሉ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ እንዲከት አዘዙ። ወረ ኢሉ ለመንዝና ለግሼ ሰው ጎረቤት ነው። ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው ሁሉ ተነግሯል። ማስረጃው ደግሞ የዘመተው ሠራዊት ነው።

ነገሩን አናሳምረው። ያ አዋጅ የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ገበሬው ይሰማል እንጂ አይጠየቅም። ቃሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግብር ብቻ ነው።

በዚያው መንዝ ግን ሌላ ዓይነት ሕግ ነበር። በጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትርና ከዚያም በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጓሳ አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ ይሆናል፤ ቁጥቋጦው ማገዶ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብት ነፍስ ማትረፊያ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳው የሁለት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ልጆች የጋራ ይዞታ ሆኖ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለመብቱ በየአጥቢያው ይደራጃል፤ ጠባቂ አለቃ ይመርጣል፤ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ይቆረጥና በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ይነገራል። ክረምቱ ሲቃረብ መልሶ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉን የሚያወጣው፣ የሚናገረውና የሚያስከብረው ያው በሕጉ የሚኖረው ሰው ነው። አለቃው ያልሆነ ቀን ቢቆርጥ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይጠየቃል። አልሰማሁም የሚል የለም፤ አልተሰማሁም የሚልም ጥቂት ነው። «ጥቂት» ማለታችን በምክንያት ነው፤ ከሁለቱ አባቶች ዘር የማይቆጥር ሰው በጓሳው ላይ መብት አልነበረውምና። የቄሮ ፍትሕ ለባለርስት የተሠራ ፍትሕ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ነጋሪት ወረቀት ሆነ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ከከበሮው ስሙ ቀረለት፤ ድምፁ ግን አልተከተለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ ቁጥር 3347፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ይሽራል። እስቲ ይህን አንቀጽ ለመንዝ ሽማግሌ ማን አነበበለት? ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳዊድ ያረቀቀው ሕግ በአዲስ አበባ ልማዱን ሻረ፤ በመንዝ ግን ርስት በዘር መቆጠሩን፣ ጓሳም መዘጋት መከፈቱን ቀጠለ። ሁለት ሕግ በአንድ አገር ተቀመጡ። አንዱ ተጽፏል፣ አልተሰማም፤ ሌላው ተሰምቷል፣ አልተጻፈም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ቀደም ብሎ በታኅሣሥ ወር የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀምሮ ስለነበር አዋጁን ለገበሬው የማስረዳትና ማኅበር የማደራጀት ሥራ በተማሪና በመምህራን ትከሻ ላይ ወደቀ። ወደ 60,000 የሚጠጋ ዘማች! በአገራችን ታሪክ ሕግ እንዲህ በእግሩ ሄዶ አያውቅም።

ሆኖም አንድ አዋጅ ሁለት ጆሮ ገጠመው። ለደቡቡ ጭሰኛ መሬት ላራሹ ማለት ከባላባት ጫንቃ መላቀቅ ነው። በመንዝ ግን ገበሬው ራሱን ባለርስት ብሎ ነበር የሚቆጥረው። አዋጁ በርስት አገር ሰው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቆይ ፈቀደ፤ በሌላ ቦታ በዘር ቆጥሮ መጠየቅን ግን አስቀረ። ይኽ ልዩነት በዝርዝር ካልተነገረ ሰው የሚሰማው «ርስትህ ተወሰደ» የሚለውን ብቻ ነው። የራስ ብሩ ልጆች መስፍንና መርዕድ ብሩ መንዝ ውስጥ ሲሸፍቱ የራሳቸው የመሳፍንት ምክንያት ነበራቸው፤ ያ ፍርሃት ግን ጆሮ ሳያዘጋጅላቸው አልቀረም።

ጓሳስ? አዋጁ የዘር መብትን ሲያነሳ ቄሮም አብሮ ወደቀ። የዘር አድልዎው መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአድልዎው ጋር የመዝጊያና የመክፈቻው ጥበብም ተጣለ። ጥበቃው ላላ፤ ሁሉም እንዳገኘ ያጭድ፣ ያግጥ ጀመር። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሰው ቀበሌዎቹን ይዞ፣ በኮሚቴ ተደራጅቶ፣ የዘሩን አጥር ትቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያው አሉ። እንግዲህ ገበሬው አዲሱን ሕግና የአባቶቹን ጥበብ ማዋሐድ ይችል ነበር። የጎደለው የሚጠይቀው ነው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራሲ» የተባለው የደርግ ዘመን የቀበሌ ሹም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ኋላ ደግሞ የይዞታ ደብተር መጣ፤ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። በክልሉ ዝክረ ሕግ ላይ አዋጁ ታትሟል። ግን አንዲት ሴት ስሟ በደብተሩ ላይ መኖሩ መብቷ መሆኑን ካላወቀች፣ ፍቺ በመጣ ጊዜ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ሕጉ ምን ፈየደላት? ሕጉ ሳይጎድል የምትጎዳው እሷ ናት።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናወጣው ይህ ነው። ነጋሪቱ ማሰማትን ያውቅ ነበር፤ መስማትን አያውቅም። ጋዜጣው ትክክለኛውን ቃል ያዘ፤ ማሰማቱን ግን ተወ። ቄሮ ሁለቱንም ያውቅ ነበር፤ በዘር አጥር ውስጥ ተዘግቶ። የጓሳ ኮሚቴ አጥሩን አፍርሶ ሁለቱን አገናኘ። ስለዚህ ሕግን ማሳወቅ ማለት ወረቀት በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ወይም ሰብስቦ አጨብጭቡ ማለት አይደለም። በሰዎቹ አፍ አንብቦ፣ ጥያቄያቸውን ሰምቶ፣ መልሱን ላወጣው አካል ማድረስ ነው።

በክረምት ብዙዎቻችን ወደየወላጆቻችን ቀዬ እንመለሳለን። ማንበብ እንችላለን፤ ቋንቋውንም፣ ሰዉንም እናውቃለን። አንድ የመሬት አዋጅ ይዘን ከቅዳሴ በኋላ ወይም በእድር ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለን አንቀጽ በአንቀጽ ብናነብ ማን ይከለክለናል? ቃሉ የድሮ ነው፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም። የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያሰማህም ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማ።